ማላጋ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ስለ መስኮቱ ጠይቁ

መጀመሪያ ስፔን፣ ማላጋ ከተማ የሄድኩ ጊዜ ሆቴሉን የመረጥኩት በፎቶ ነው። ነጭ አንሶላ፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ ከካቴድራሉ የሁለት ደቂቃ መንገድ። ዋጋውም ኪስ አይጎዳም። ክፍሌ ገብቼ መጋረጃውን ስገልጥ ግን ያየሁት ሌላ ግድግዳ ነው፤ እጄን ብዘረጋ ልነካው ትንሽ ነው የቀረኝ። ወደ ላይ ሳንጋጥጥ የመሶብ ክዳን የምታክል ሰማይ አለች። ወደ ታች ደግሞ የኤሲ ሞተሮችና ከአንዱ መስኮት የወደቀ ካልሲ። በማግስቱ ስነቃ ጨለማ ስለሆነብኝ ገና ሌሊት ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ለካ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል!

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ገንዘቡን እኔ ከፍዬበታለሁ።

“ኢንቴሪዮር” የምትለዋን ቃል ዘሎ ማለፍ

የእኔ ስህተት ይሄ ነበር። የማላጋ አሮጌ ሰፈር ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። ብርሃንና አየር እንዲገባ ሕንፃው መሃል ላይ እንደ ጉድጓድ ያለ ክፍት ቦታ ይተዋሉ። ስሙ “ፓቲዮ ዴ ሉሴስ” ነው፣ የብርሃን ግቢ እንደ ማለት። ብርሃኑ ምድር ቤት ሳይደርስ ያልቃል እንጂ ስሙስ ጥሩ ነበር። ወደዚህ የሚከፈተው ክፍል “ኢንቴሪዮር”፣ ወደ መንገድ የሚከፈተው “ኤክስቴሪዮር” ይባላል። ሆቴሎች አይደብቁትም፣ ክፍሉ ዝርዝር ውስጥ ይጽፉታል፤ እኛ ነን ፎቶ እያየን የማናነበው።

ግን ኢንቴሪዮር ሁሉ መጥፎ ነው እንዳትሉ። ላይኛው ፎቅ ከሆነ ብርሃን አያጣም፣ ከመንገዱ ጫጫታም ይገላግላችኋል። በእነሱ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ደግሞ ከየብስ በኩል የሚነፍስ “ቴራል” የሚሉት ደረቅና ትኩስ ንፋስ አላቸው። እሱ ሲነሳ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያን ቀን ፀሐይ የማያገኘውን ክፍል ትመርቁታላችሁ።

ሥሩ ምን እንዳለ ሳያዩ በረንዳ መያዝ

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ብልጥ ነኝ ብዬ በረንዳ ያለው ክፍል ያዝኩ። ከበረንዳው ሥር ባር ነበር። ስፔኖች ራት የሚቀመጡት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከራት በኋላ ደግሞ ጨዋታው ይጀመራል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ስለዚህ ድምፁ ወደ ላይ እንጂ ወደ ሌላ የሚሄድበት የለም። አንዷ ሴትዮ ስለ እህቷ ባል የምታወራውን ስፔንኛ ባልችልም በድምፅዋ ብቻ ተከታትየዋለሁ። እነሱ ሄዱ ብዬ ዓይኔን ስከድን የባሩ ልጅ የቀኑን ባዶ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ገንዳ ውስጥ ገለበጠው።

በተለይ ኡንሲባይና ሚትሃና አደባባዮች አካባቢ ሌሊቱ ረጅም ነው። መጨፈር ከፈለጋችሁ ከዚያ የተሻለ ሰፈር የለም። መተኛት ከፈለጋችሁ ግን የጉግል ካርታ ላይ የመንገዱን ፎቶ ክፈቱና ከሆቴሉ በር ፊት ለፊት ስንት ጠረጴዛ እንደተዘረጋ ቁጠሩ። አስተያየቶቹንም ስታነቡ “ሩይዶ” የሚለውን ቃል ፈልጉ፣ በስፔንኛ ጫጫታ ማለት ነው። ማክሰኞ ያደረ ሰው “ጸጥ ያለ ነው” ቢል አትመኑት፣ ዓርብና ቅዳሜ ያደረውን ስሙ።

በኮከብ ብቻ መምረጥ

ኮከብ የሚሰጠው ለአሳንሰር፣ ለክፍል ስፋት፣ ለአገልግሎት ነው። ስለ እንቅልፋችሁ አያወራም። ሌላው ነገር “ሆስታል” ሲባል ብዙ ሰው ስምንት ሆነው የሚያድሩበት የወጣቶች ማደሪያ ይመስለዋል። አይደለም፣ እሱ “ሆስቴል” ነው። ሆስታል አነስ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ማደሪያ ሲሆን ክፍሉን ብቻችሁን ነው የምትይዙት። አንዳንዱ ከባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ይበልጣል።

“አሮጌው ከተማ ነው፣ ባሕሩ ደጃፌ ነው” ማለት

ካርታ ላይ ሲታይ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በአሮጌው ሰፈርና በባሕሩ መካከል ትልቁ መናፈሻና ወደቡ አሉ። ላ ማላጌታ የተባለው የባሕር ዳርቻ ከካቴድራሉ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለጎልማሳ ምንም አይደል፣ ሕፃን፣ ጃንጥላና ፍራሽ ተሸክሞ በነሐሴ ፀሐይ ግን ሌላ ነው። የመጣችሁት ለመዋኘት ከሆነ እዚያው ላ ማላጌታ፣ ወይም ራቅ ብሎ ፔድሬጋሌሆ እደሩ። ፔድሬጋሌሆ ሰርዲን በሸምበቆ ሰክተው፣ አሸዋ በሞላ አሮጌ ጀልባ ውስጥ ባነደዱት እሳት ዳር ይጠብሳሉ። ለእሱ ሲባል ብቻ አንድ ቀን ሂዱ።

ቀኑን አለማየት

የሕማማት ሳምንት ማላጋ ሌላ ከተማ ናት። የክርስቶስንና የእመቤታችንን ምስል የተሸከሙ ግዙፍ ዙፋኖች በሰው ትከሻ ይወጣሉ፣ ትልልቆቹን ከ200 በላይ ሰው ነው የሚሸከማቸው። ከሆሳዕና ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ከበሮና ጥሩንባ ነው። ለማየት ለሄደ ሰው የሚረሳ አይደለም። ሳያውቅ ለሄደ ግን ሻንጣውን ይዞ ዋናውን መንገድ ማቋረጥ ራሱ ፈተና ነው፣ የክፍል ዋጋም ጣራ ይነካል። የእኛን ፋሲካ ቆጥራችሁ “ገና ነው” እንዳትሉ። በ2017 ዓ.ም. ቀኑ ገጥሞ ነበር፣ በ2018 ግን የእነሱ በአንድ ሳምንት ይቀድማል።

በነሐሴ “ፌሪያ” የሚሉት የከተማዋ በዓልም እንዲሁ ነው። ንጉሥ ፈርዲናንድና ንግሥት ኢዛቤላ በ1487 እ.ኤ.አ. ከተማዋን የያዙበትን ቀን የሚያስታውስ ሲሆን ሳምንት ያህል ይቆያል። ሌሊቱ ከመሃል ከተማ ውጭ ነው፣ የቀኑ ጭፈራ ግን አሮጌው ሰፈር ውስጥ፣ መስኮታችሁ ሥር ነው።

ሻንጣ፣ ቪዛ፣ ቁርስ

አየር ማረፊያው ላይ ሲ-1 የሚባለውን ባቡር ያዙና መጨረሻው ላይ፣ ሴንትሮ አላሜዳ፣ ውረዱ። ከ15 ደቂቃ በታች ነው። ከዚያ በኋላ ብዙው መንገድ ለእግረኛ ብቻ ስለሆነ ታክሲ ሁሉም ሆቴል በር ድረስ አያደርስም። አሳንሰር መኖሩን ጠይቁ፣ አሮጌ ሕንፃ ነው።

ከአዲስ አበባም ሆነ ከዓረብ አገር ለሸንገን ቪዛ የምታመለክቱ ደግሞ የማረፊያ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ቪዛው ሳይመታ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል አትያዙ፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ።

የሆቴል ቁርስ ዝለሉት። ጥግ ላይ ካለች ካፌ “ፒቱፎ” የምትባለዋን ትንሽ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት እዘዙ፣ ለጾምም ትሆናለች። ማላጋ ላይ ማኪያቶ ብሎ ነገር አይሠራም። ወተቱ ሲበዛና ሲያንስ ለእያንዳንዱ ስም አለው፤ “ሚታድ” ግማሽ በግማሽ፣ “ኑቤ” (ደመና) ቡናው ለወጉ ብቻ ጠብ ያለበት።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ከመክፈሌ በፊት ለሆቴሉ አጭር መልእክት ላኩ። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው ወደ ፓቲዮ? ስንተኛ ፎቅ? ከሥሩ ምን አለ? በሰዓቱ መለሱልኝ፤ ወደ መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሥሩ ጫማ መሸጫ። ዓርብ ማታ ደርሼ ለጥ አልኩ። የቀሰቀሰኝ የጫማ ቤቱ ባለቤት የብረት መዝጊያውን ሲያነሳ ነው። ሰዓቴን አየሁት፣ አራት ሰዓት። ክፍሉ በፀሐይ ተሞልቷል።