ቬኒስ ውስጥ የቤት ቁጥር ይዞ ቤቱን ማጣት፦ መላው

ችግሩ፦ ማረፊያው የላከው አድራሻ «ካስቴሎ» የሚል የሰፈር ስምና ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው፤ የስልኩ ካርታ ደግሞ ከቦዩ ማዶ ያሳያል።

መሃል ቬኒስ በስድስት ሰፈሮች የተከፈለች ናት። የቤት ቁጥር የሚቆጠረው በየመንገዱ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ አዳርሶ ስለሆነ፣ ተከታታይ ቁጥሮች አንዳንዴ በተለያየ መተላለፊያ ላይ ይገኛሉ። በጠባቡ መንገድ የሳተላይት ምልክት ከግንብ ወደ ግንብ ስለሚነጥር ጂፒኤስም ይስታል።

የሠራው ዘዴ፦ ከአከራዩ የመተላለፊያውን ስም፣ የቅርቡን የቫፖሬቶ (የሕዝብ ጀልባ) ማቆሚያና የበሩን ኮኦርዲኔት (ካርታ ላይ ቦታውን የሚያሳዩ ቁጥሮች) መጠየቅ፤ ካርታውንም አስቀድሞ ማውረድ። ስም ብቻውን አይበቃም፤ «ካሌ ዴል ፎርኖ» የሚባል መተላለፊያ ከአንድ ሰፈር በላይ አለ። ከጀልባ ከወረዱ በኋላ የስልኩን ነጥብ መከተል ትቶ ግድግዳው ላይ በነጭ መደብ በጥቁር ቀለም የተጻፈውን ስም ማንበብ ይሻላል። ወደ ታወቁት ስፍራዎች የሚጠቁሙት «ሪያልቶ» እና «ሳን ማርኮ» የሚሉ ቢጫ ምልክቶች ወደ ዋናው መንገድ ለመመለስ እንጂ ቤት ለማግኘት አይረዱም።

ሻንጣ ካለ ከርቀቱ ይልቅ የድልድዩ ብዛት ይቆጠር፤ አብዛኞቹ ደረጃ አላቸው። ቤቱ ባለበት የቦይ ዳር የሚቆመው ጀልባ፣ መንገዱ ቢረዝምም፣ ይመረጣል። ቲኬቱ ከመሳፈር በፊት ማሽኑ ላይ ካልተነካ ቅጣት አለው።