ማገናኛው ነበር እንጂ ባትሪው አልነበረም

የሪሞት መኪናዬ ፍጥነት ስጨምር ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና ድንገት ትጠፋ ነበር። ባትሪ ቀየርኩ፤ ያው ነው። በኋላ ባትሪውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘውን ማገናኛ ስነካው ያቃጥላል! ጄኤስቲ የሚባለው ትንሹ ቀይ ማገናኛ ነው፤ የሚችለው 3 አምፔር አካባቢ ነው። ሞተሩ ደግሞ 20 ይስባል። መጋጠሚያው 0.01 ኦም ብቻ ቢኖረው እንኳ በ20 አምፔር 4 ዋት ሙቀት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይፈጠራል። ፕላስቲኩ መቅለጥ ጀምሮ ነበር።

ብዙ አምፔር በሚችለው ኤክስቲ 60 በሚባል ማገናኛ ቀየርኩት። ሽቦውንም አወፈርኩት። ስንበይድ ፕላስቲኩ ስለሚለሰልስ ፒኖቹ ይጣመማሉ፤ ስለዚህ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ጥንዱን ሰክቼበት በየድኩ። ሴቴው (ቀዳዳ ያለው ወገን) ወደ ባትሪው በኩል ይሁን። ይህን አደራ እላለሁ፦ ባትሪ ላይ የተጋለጠ ፒን ካለ በቀላሉ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። አሁን ቻርጁ እስኪያልቅ ነድቼ ስነካው ለብ ብቻ ይላል።