ሐረጎን ከመውረድህ በፊት ፍሬንህን እይ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ትወርዳለህ። በመሃል ያለው ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ ጭጋግ ሲወርድበት ደግሞ ፊትህ ያለው ሲኖትራክ ራሱ አይታይህም። ደሴ ከተማ ውስጥ ደህና ሲይዝ የከረመ ፍሬን ጉዱ የሚወጣው እዚህ ነው።

መጀመሪያ አነዳዱን እናስተካክል። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ዛሬም አለ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ላይ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ ካነሳህ ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ መርጨቱን ራሱ ያቆማል፤ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ታዲያ ምን አተረፍክ? ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ጣልከው እንጂ። ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ አስገባና ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑን ደግሞ እስከ ታች ረግጠህ አትዝለቅ፤ ጠበቅ አድርገህ ፍጥነቱን ቀንስና ልቀቀው፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ።

አሁን ወደ ሸራው፣ ማለትም ፍሬን ስትይዝ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ ወደሚያቆመው። የስልክህን መብራት በቸርኬው ቀዳዳ አስገብተህ እይ። አዲስ ሸራ ብረቱን ሳይጨምር 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ 3 ከደረሰ ቀይረው። ብዙዎቹ ሸራዎች ሲያልቁ ዲስኩን የምትነካ ቀጭን ብረት ስላለቻቸው ሲጥ ሲጥ ይላሉ። ያንን ችላ ብለህ ድምፁ ወደ ጎርናና ፍጭት ከተቀየረ ብረት ከብረት ገጥሟል፤ ዲስኩም ወጪ ሊያስወጣህ ነው።

እንደ ቪትዝ ባለ መኪና የፊቱን ሸራ ራስህ መቀየር ትችላለህ፣ አብሽር። ሜዳ ቦታ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። የጎማውን ቡሎኖች ክሪክ ከማስገባትህ በፊት አላላ። ካነሳኸው በኋላ የብረት መደገፊያ ከሥር አስገባና ጎማውን አውጣ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅህን አታስገባ። ሸራዎቹን አቅፎ የያዘውን ካሊፐር የታችኛውን ቡሎን ፈትተህ ወደ ላይ ገልብጠው። ነቅለህ ካወጣኸው በሽቦ እሰረው እንጂ በፍሬን ቱቦው አታንጠልጥለው። አሮጌውን ሸራ ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን በሚገፋው ፒስተን ላይ ደርበህ በትልቅ ካቻቪቴ ቀስ እያልክ ወደ ውስጥ ግፋው። ይሄኔ የፍሬን ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ስለሚመለስ ሞልቶ እንዳይፈስ እያየህ ሥራ፤ ቀለም ይበላል። የግራውን ከቀየርክ የቀኙንም ቀይር፣ አለዚያ ስትረግጥ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። አዲሶቹን ሸራዎች አስገብተህ ሁሉንም መልሰህ ካሰርክ በኋላ መኪናውን ሳታንቀሳቅስ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ። ይህን ረስቶ ከግቢ የወጣ ሰው የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሆንበታል። አዲሱ ሸራ እስኪላመድ ድረስ ሐረጎን አትሞክርበት፤ ከተማ ውስጥ ለስለስ እያደረግክ ንዳበት። የኋላው በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ሸራው ውስጥ የተደበቀበት ከበሮ መሰል ፍሬን) ከሆነ ግን ስፕሪንጉ ብዙ ስለሆነ ለመካኒክ ተወው።

ሰው ሁሉ የሚረሳው የፍሬን ዘይቱን ነው። ሞተር ዘይት በየጊዜው የሚቀይር ሰው የፍሬኑን ዘይት መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። ይህ ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው ውስጥ አንዳንዱ ይኸው ነው፣ የተበጠሰ ነገር የለም።

በየሁለት ዓመቱ አስቀይረው። የትኛው ዶት እንደሆነ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ጎደለ ብለህ ሞተር ዘይት እንዳትጨምርበት፣ ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች አሳብጦ ያበላሻል። ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ በድንገት ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለና ሳታስጠግን አትንዳው። ስትገዛም የታሸገ ይሁን፤ ተከፍቶ የከረመ ዘይት መደርደሪያ ላይ እያለ እርጥበቱን ጠጥቶ ጨርሷል።