መንጋጋ ሲያም፣ ቋ ሲል፣ ጥርስ ሲፋጭ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጣታችሁን ከጆሮ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አድርጉና አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ጣታችሁ ስር የሚንቀሳቀሰው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው። ሲከፈት መጀመሪያ ይሽከረከራል፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በአጥንቶቹ መሃል ያለችው ለስላሳ ዲስክም አብራው ትሄዳለች። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ "መንጋጋዬን አመመኝ" ከሚለው ሰው አብዛኛው የታመመበት መገጣጠሚያው ሳይሆን እሱን የሚጎትቱት ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻ ከልክ በላይ ሲሠራ ይዝላል፣ ያማል፣ ሲያርፍ ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ ጥርስ ወደ መሞረድና መንቀል ከመሄዳችሁ በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ።

መጀመሪያ መስታወት ፊት ቁሙ

አፋችሁ ምን ያህል ይከፈታል? የራሳችሁን ሦስት ጣት አንዱን ከአንዱ በላይ ደርባችሁ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርስ መሃል ለማስገባት ሞክሩ። አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይከፍታል፣ ሦስት ጣት ለዚያ ይቀርባል። ከሁለት ጣት በላይ አልገባ ካለ ልብ በሉት።

ቀጥሎ አገጫችሁን እዩ። ሲወርድ ቀጥ ብሎ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል? ሄዶ ከተመለሰ አንድ ነገር ነው፣ ሄዶ እዚያው ከቀረ ሌላ ነው፣ ከታች እንመጣበታለን።

መጨረሻ ላይ ጥርሳችሁን ንከሱና ጉንጫችሁ ላይ የሚያብጠውን ጡንቻ አግኙት። ከዚያ ጥርሳችሁን ለቀቅ አድርጋችሁ ጡንቻውን ተጫኑት። ሐኪም ሲመረምር በ1 ኪሎ ያህል ግፊት ነው የሚጫነው፣ መጠኑን ለማወቅ የኩሽና ሚዛን ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ልመዱት። ደግሞ ጥያቄው "አመመሽ?" ብቻ አይደለም። ጠንክሮ ከተጫኑት የማያመው ማን አለ? ዋናው ጥያቄ "ያ የምታውቂው ህመም ይሄ ነው?" የሚለው ነው። ታማሚዋ "አዎ፣ እሱ ራሱ!" ካለች ምንጩ ተገኘ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርትም ህመሙን የሚለየው በዚሁ ጥያቄ ነው።

"ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ዝሎ፣ ራሴን ጎንና ጎኑን እያመመኝ ነው"

ምክንያቱ ምናልባት ሌሊት ጥርስ መግጠም ወይም ማፋጨት ነው። ሰውየው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ የሚነግረው አጠገቡ የሚተኛው ነው። ድምፅ ስለሌለ ግን ችግሩ የለም ማለት አይደለም፣ ጥርሱን ገጥሞ የሚያድር ሰው ምንም አያሰማም። ጉንጫችሁን ከውስጥ እዩት፣ በጥርሶቹ መስመር ልክ ነጭ ሰንበር አለ? የምላሳችሁ ጠርዝ ላይስ የጥርስ ቅርጽ ታትሟል? ብቻቸውን ማረጋገጫ አይሆኑም፣ ግን ፍንጭ ናቸው።

ድሮ "ጥርስ በትክክል ስላልገጠመ ነው የሚፋጨው" ይባል ነበር። አሁን ያ አባባል ብዙም ሰሚ የለውም። የሌሊቱ ነገር የሚነሳው ከአንጎል ነው፤ እንቅልፍ ለአፍታ ላላ ሲል የልብ ምት ይጨምራል፣ ወዲያው የመንጋጋ ጡንቻ ሥራ ይጀምራል። እንግዲህ እንቅልፍ የሚረብሽ ነገር ሁሉ ያባብሰዋል፦ ጭንቀት፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ አመሻሽ ላይ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ቡና። ጫት ደግሞ በሁለት በኩል ነው የሚመጣው፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፣ በዚያ ላይ ጡንቻው ለሰዓታት ሲያኝክ ይውላል። ምርቃና ላይ ጥርሱን ገጥሞ የተቀመጠ ሰው መቼም አይታችኋል። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም አንዳንድ ሰው ላይ ማፋጨት ያስጀምራሉ፤ በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ ላዘዘላችሁ ሐኪም ንገሩት። የሚያንኮራፋና ትንፋሹ እየተቆራረጠ የሚያድር ሰው ከሆነ ግን ከጥርሱ በፊት እንቅልፉ ይመርመር።

መፍትሄው ቀን ላይ ነው የሚጀምረው። ተኝታችሁ የምትሠሩትን መቆጣጠር አትችሉም፣ ነቅታችሁ የምትሠሩትን ግን ትችላላችሁ። ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለቀቅ፣ የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃ ላይ። ጥርስ ከጥርስ መነካካት ያለበት ስታላምጡና ስትውጡ ነው፣ በቃ። ስልካችሁ ጀርባና ኮምፒውተራችሁ ጠርዝ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ነጥብ አድርጉና ባያችኋት ቁጥር "ጥርሴ ገጥሟል እንዴ?" በሉ። ትራፊክ ውስጥ መሪ ጨብጦ የተቀመጠ ሹፌር ቢጠይቅ ግማሹ ገጥሞ ያገኘዋል፣ ይሄ የኔ ግምት ነው።

ከዚያ እንቅስቃሴ። ምላሳችሁን ላንቃ ላይ እንዳደረጋችሁ፣ ምላሱ ሳይላቀቅ አፋችሁ እስከሚከፈትበት ድረስ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። 6 ጊዜ፣ በቀን 6 ዙር። ሞቅ ባለ እርጥብ ፎጣ ጉንጭን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝና በጣት ማሸት ብዙ ሰው ያቀልለታል። ለጥቂት ሳምንት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና ማስቲካ ይቅሩ፤ ሽሮ፣ ፍርፍርና ገንፎ ግን ምንም አይሉም። ጨጓራና ኩላሊት ደህና ከሆነ፣ እርግዝናም ከሌለ፣ ለጥቂት ቀን አይቡፕሮፌን ይረዳል። እነዚህን ነገሮች ብዙ ሰው ይንቃል፣ መርፌ ወይም ማሽን ካልሆነ ሕክምና አይመስለውም። ነገር ግን በ2023 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ የወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የመንጋጋ ህመም በጥብቅ የመከረው የመንጋጋ እንቅስቃሴን፣ በእጅ የሚሰጥ ሕክምናንና ጭንቀት ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ሕክምናን ነው።

"መንጋጋ ጥርሴን ያመኛል፣ ራጁ ግን ምንም አያሳይም"

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የጉንጭ ጡንቻ ህመሙን ወደ መንጋጋ ጥርስ ይልካል፣ ሰውየውም ጣቱን ጥርሱ ላይ አድርጎ "ይሄ ነው" ብሎ ይምላል። ይነቀልለታል። ህመሙ ይቀጥላል። ከዚያ ጎረቤቱ ጥርስ ተራው ይደርሳል።

መለያው ከባድ አይደለም። እውነተኛ የጥርስ ነርቭ ህመም ቀዝቃዛ ሲነካው ይቀሰቀስና ቶሎ አይለቅም፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ ጋደም ሲሉ ይብሳል። ከጡንቻ የመጣው ደግሞ ደነዝ ያለ ነው፣ ቦታው በውል አይታወቅም፣ በሙቅና በቀዝቃዛ አይለወጥም፣ የጉንጩ ጡንቻ ሲጫን ግን "ጥርሱ" ያማል። ጥርሱ በደንብ ደንዝዞ እንኳ ህመሙ ካልጠፋ ጥፋተኛው ሌላ ነው። ስለዚህ "ይነቀል" የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ጡንቻውን ይጫንላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ የሚያፋጭ ሰው ጥርሱ ሊሰነጠቅም ይችላል፣ ስንጥቅ ደግሞ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ንክሻውን ስትለቁ እንደ መርፌ ውግት ካደረጋችሁ እሱን ጠርጥሩ። ያኔ ችግሩ የጥርሱ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ያስፈልገዋል።

"ጆሮዬን ያመኛል፣ የጆሮ ሐኪሙ ግን ንጹህ ነው አለኝ"

መገጣጠሚያው ከጆሮ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1934 እ.ኤ.አ. ኮስተን የሚባል የሴንት ሉዊስ የጆሮ ሐኪም የጆሮ ምልክቶችን ከመንጋጋ ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። የኋላ ጥርስ ስለጎደለ መንጋጋው ወደ ኋላ ሄዶ ይጫናል የሚለው ማብራሪያው አልጸናም፣ የመንጋጋ ህመም ጆሮ ላይ መሰማቱ ግን እውነት ነው። ስታኝኩ ወይም ስታዛጉ የሚብስ ከሆነ ከላይ ያለውን ጀምሩ።

"ሲከፈት ቋ ይላል"

ህመም ከሌለው፣ አፋችሁም በደንብ ከተከፈተ ተዉት። ዲስኳ ከቦታዋ ትንሽ ወጣ ብላ ስትመለስ የምታሰማው ድምፅ ነው፣ አገጩም ሄዶ የሚመለሰው በዚሁ ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ አለ። ለጓደኛ ለማሰማት ሆን ብሎ ማስጮህ ግን ይቅር።

"ቋ ማለቱ ጠፋ፣ አፌ ግን አልከፈት አለ"

ይሄኛው አይናቅም። ዲስኳ ወጥታ መመለስ ስታቅታት መንገድ ትዘጋለች፣ አገጩ ወደታመመው ጎን ሄዶ እዚያው ይቀራል፣ መክፈቻው ከሁለት ጣት እምብዛም አያልፍም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያውቅ ሐኪም በእጁ ሊመልሳት ይሞክራል። የቆየውም ቢሆን በእንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ካልሆነ መገጣጠሚያውን በመርፌ ማጠብ ቀጣዩ ነው። ዲስኳን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፣ ተራው ራጅ አያሳያትም።

የተገላቢጦሹም አለ፦ አዛግቶ አፉ ተከፍቶ የቀረ ሰው። ሐኪም አውራ ጣቶቹን ታችኛው የኋላ ጥርስ ላይ አድርጎ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ይገባል። ወጌሻ ጋ መሮጥ የሚቀናው ብዙ ነው፣ ነገር ግን ምት ወይም መውደቅ ካለበት ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ሳይነሳ ማንም እንዳይነካው። ከገባ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ስታዛጉ አገጫችሁን በጡጫ ደግፉ።

"ጥርሴ እያለቀ ነው"

መፋጨት የበላው ጥርስ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ነው፣ የላዩን በታቹ ላይ ስታንሸራትቱት ልክክ ይላል። አሲድ የበላው ግን ጎድጎድ ይላል፣ የተሞላ ጥርስ ከሆነ ሙሌቱ ከጥርሱ ከፍ ብሎ ይቀራል። አሲዱ የሚመጣው ከለስላሳ መጠጥ፣ ሎሚ ከመምጠጥ፣ ከቃር፣ ከተደጋጋሚ ትውከት ነው። መፋጨትና አሲድ አብረው ከመጡ ጥርሱ በፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ቃሩ ሳይታከም ጥርሱን ብቻ መጠገን ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው።

"ልጄ ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል፣ ወስፋት ይሆን?"

እናቶች ሁሉ የሚጠይቁት ነው። ወስፋት ያፋጫል ለሚለው ጠንካራ ማስረጃ የለም። ሰገራው ታይቶ ወስፋት ከተገኘበት ይታከም፣ ለራሱ ጤና ነው። ልጆች ላይ ማፋጨት የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። የሚያንኮራፋና አፉን ከፍቶ የሚተኛ ከሆነ ግን ቶንሲሉና አፍንጫው ይታይ።

እዚህ ላይ አትጠብቁ

ከ50 ዓመት በላይ ሆናችሁ አዲስ የራስ ምታት፣ ስታኝኩ የሚያም መንጋጋና የዓይን ብዥታ አብረው ከመጡ ያንኑ ቀን ሆስፒታል፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ያጠፋል። ደረጃ ስትወጡ የሚመጣና ስታርፉ የሚሄድ የመንጋጋ ህመም የልብ ሊሆን ይችላል። ትኩሳትና እብጠት ያለበት፣ የደነዘዘ ፊት፣ ቁስል ተከትሎ የመጣ መግጠም፦ መንጋጋ ቆልፍ ዛሬም አለ። ማስመለስ እንዲያቆምለት ሜቶክሎፕራማይድ ወስዶ መንጋጋው የተጣመመበት ወጣትም ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ በመርፌ ቶሎ ይለቀዋል።

ናይት ጋርድ (ሌሊት ጥርስ ላይ የሚለበስ የፕላስቲክ ሽፋን) ላሠራ ወይ?

ጥርሳችሁ እያለቀ ወይም ሙሌት እየሰበራችሁ ከሆነ አዎ። ማፋጨቱን አያስቆመውም፣ በጥርሱ ፋንታ ፕላስቲኩ ይበላል፣ ጥቅሙ ይሄው ነው። ለህመም ግን ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም፣ ያ የ2023ቱ መመሪያም ለሥር የሰደደ ህመም ብሎ አልገፋበትም። የምታሠሩ ከሆነ በልካችሁ የተሠራ፣ ጠንካራ፣ ሁሉንም ጥርስ የሚሸፍን ይሁን። የፊት ጥርስን ብቻ የሚሸፍነው ለረጅም ጊዜ ሲለበስ የጥርስ አገጣጠምን ሊለውጥ ይችላል። በሙቅ ውሃ ተቀቅሎ የሚነከሰው ለስላሳ ዓይነት ደግሞ አንዳንዱን ሰው ማስቲካ ያገኘ ያህል ያስነክሰዋል። "አገጣጠሙ እንዲስተካከል ጥርስህን ልሞርድልህ" የሚል ካለ አመስግናችሁ ውጡ፣ የተሞረደ ጥርስ አይመለስም።

ጠዋት በለስላሳ ቡርሽና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ የፈላ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል። ጥርስ ሐኪም ጋ በሄዳችሁ ቁጥር ይዛችሁት ሂዱ፣ የተበላበትን ቦታ አይቶ የትኛው ጥርስ ላይ ጫናው እንደበዛ ይነግራችኋል፤ ከተበሳ ደግሞ ሌላ ማሠራት ነው።