ልጅነቱ ለከበደው ዓይነ ስውር ታዳጊ ክራር ሲያስተምሩ
ልጅነቱን በበደል ያሳለፈ ዓይነ ስውር ታዳጊ ክራር ሊማር ሲመጣ፣ እጁን ከመንካትዎ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁት፤ እየተመታ ያደገ ልጅ በድንገተኛ ንክኪ ሊደነግጥ ይችላልና። ቆዳ የለበሰውን ገበቴ፣ አግዳሚውን እንጨትና አውታሮቹን ራሱ እየዳሰሰ ይለያቸው። ክራር ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ነው፤ ቀኝ እጅ አውታሮቹን አንድ ላይ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች ከየአውታራቸው ሳይርቁ የማይፈለገውን ድምፅ ስለሚያፍኑ፣ ሥራው ሁሉ የመዳሰስና የመስማት ነው። መቃኘትንም በጊዜ ያስተምሩት፤ ክራሩን ራሱ የሚቃኝ ልጅ የሰው እጅ አይጠብቅም።

ትዝታ ቅኝት ላይ ደርሶ ቢያለቅስ ታሪኩን እንዲተርክ አያስገድዱት፤ መቀጠል ወይም ማቆም የእሱ ምርጫ ይሁን። ቅዠት እንቅልፍ ከነሳው ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን ክራሩ ብቻውን አይበቃውምና፣ ሳይዘገዩ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ አብረውት ይሂዱ።