የትኛውን ሲዲኤል ልማር? ከመመዝገብዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የሚኖሩና ከታክሲ ወይም ከመጋዘን ሥራ ወደ ጭነት መኪና ለመሸጋገር የሚያስቡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ምክር ሲፈልጉ በአብዛኛው የሚጠይቁት «የትኛው ትምህርት ቤት ይረክሳል?» ብለው ነው። የትኛውን ፈቃድ እንደሚፈልጉ ሳይወስኑ ግን የትምህርት ቤት ዋጋ ማወዳደር ብዙም አይጠቅማቸውም። ሁላችንም በአንድ ስም ሲዲኤል የምንለው የንግድ መንጃ ፈቃድ በውስጡ ደረጃዎች፣ ተጨማሪ ፈቃዶችና ገደቦች አሉት። ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ የማይፈልገውን ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ማየት ያሳዝናል፤ ከታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች ደግሞ ሁሉም ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው።

ሥራውን ሳይመርጡ ደረጃውን መምረጥ

በፌደራል ሕግ ክላስ ኤ ማለት ጎታችና ተሳቢ አንድ ላይ ሆነው የተፈቀደላቸው ጠቅላላ ክብደት 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆንና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ፓውንድ ሲበልጥ ነው። 26,001 ፓውንድ በእኛ አቆጣጠር ወደ 118 ኩንታል ይጠጋል፤ ይህ የመኪናውን የራሱን ክብደት ይጨምራል። ክላስ ቢ ያንኑ ክብደት የሚይዝ፣ ነገር ግን ከባድ ተሳቢ የማይጎትት ነጠላ መኪና ነው፤ ገልባጭ፣ የኮንክሪት ማደባለቂያ፣ የቆሻሻ መኪና፣ የከተማ አውቶቡስ። ክላስ ሲ ደግሞ ከእነዚህ ያነሰ ሆኖ ሾፌሩን ጨምሮ 16 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ ወይም ምልክት የሚለጠፍበት አደገኛ ዕቃ የሚጭን ተሽከርካሪ ነው።

ክላስ ኤ ያለው ሰው ተገቢው ተጨማሪ ፈቃድ ካለው የቢንም መኪና መንዳት ይችላል፣ የቢ ሾፌር ግን የኤን አይነዳም። ከዚህ በመነሳት «ኤ ከያዝክ ሁሉን ያዝክ» የሚል ምክር በየቤቱ ይሰጣል። ዕድሜው ለጋ ለሆነና ቤተሰቡ መለየቱን ለሚችልለት ሰው እኔም ይህንኑ እመክራለሁ። ትናንሽ ልጆች ያሏት እናት ግን የረጅም ርቀት ጀማሪ ሆና ሳምንታትን ከቤት ርቃ እንድታሳልፍ መግፋት ፍርደ ገምድልነት ነው። ክላስ ቢ ከመንገደኛ ማጓጓዣና ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ፈቃዶች ጋር ይዛ ጠዋት ልጆችን አድርሳ፣ ከሰዓት መልሳ፣ ማታ ቤቷ የምታድርበት ሥራ አለ። ሥልጠናውም በአብዛኛው አጭርና ርካሽ ነው። በመጀመሪያ ማታ ማታ የት ማደር እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ ደረጃው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ዕድሜም ይቆጠራል። ከግዛት ግዛት ለመሻገር 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ከ18 እስከ 20 ያሉ በአብዛኛው የሚነዱት በአንድ ግዛት ውስጥ ብቻ ነው።

ሲዲኤል የማይጠይቀውን መኪና አለማወቅ

26 ጫማ ርዝመት ያላቸውና የቤት ዕቃ የሚያጓጉዙ ብዙ ቦክስ ትራኮች የተፈቀደላቸው ክብደት ልክ 26,000 ፓውንድ ነው። አንዲት ፓውንድ ስለጎደለች ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ዕቅዱ በከተማ ዙሪያ ዕቃ ማድረስ ብቻ ለሆነ ሰው ሲዲኤል ትምህርት ቤት መግባት ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። ሲዲኤል አያስፈልግም ማለት ግን ሕግ የለም ማለት አይደለም። ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነ መኪና ለንግድ ይዞ ግዛት የሚያቋርጥ ሾፌር የጤና ምርመራ ካርድና የሥራ ሰዓት ገደብ ይመለከተዋል።

በምን ዓይነት መኪና እንደሚፈተኑ አለመጠየቅ

ከሁሉም በላይ የምቆጭበት ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ብቻ ያስቀረው ነበር። ፈተናውን የሚወስዱበት መኪና በፈቃድዎ ላይ የሚጻፈውን ገደብ ይወስናል።

በአውቶማቲክ መኪና ከተፈተኑ ፈቃድዎ ላይ «ኢ» የምትል ፊደል ትጻፋለች። ፍሪሲዮን ያለው፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር የንግድ መኪና መንዳት አይፈቀድልዎትም። ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አብዛኛውን መኪናቸውን አውቶማቲክ ስላደረጉት ይህ ለብዙ ሰው አይከፋም። ገልባጭ ወዳላቸው አነስተኛ የግንባታ ድርጅቶች ለመሄድ ያሰበ ግን በእጅ ማርሽ ቢማር ይሻለዋል።

«ኦ» የምትለዋ ትብሳለች። አንዳንድ ርካሽ ማሠልጠኛዎች በትልቅ ፒክአፕ ላይ ከባድ ተሳቢ አስረው ክላስ ኤ ያስፈትናሉ። ክብደቱ ሕጉን ያሟላል፣ ተማሪውም «ኤ» የሚል ፈቃድ ይዞ ደስ ብሎት ይወጣል። ተሳቢው የተያያዘው በጎታች መኪና ጀርባ ላይ ባለው ክብ ሳህን ላይ ስላልሆነ ግን የ«ኦ» ገደብ ይጻፍበታል፤ በአውራ ጎዳናው የምናያቸውን ጎታችና ተሳቢዎች መንዳት አይችልም። ለሥራ ሲያመለክት ነው የሚነገረው። መኪናው የአየር ፍሬን ከሌለው ደግሞ «ኤል» ይጨመራል። እነዚህን ገደቦች ለማስነሳት በትክክለኛው መኪና ዳግም መፈተን፣ ማለትም ዳግም መክፈል ይጠይቃል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሄደው መኪናውን በዓይንዎ ይዩ። የአየር ፍሬን አለው? ተሳቢው በምን ተያይዟል? የምፈተነው በዚሁ ነው ወይስ በሌላ? ሦስቱንም በግልጽ የማይመልስልዎትን ትተው ይሂዱ።

ያልተመዘገበ ማሠልጠኛ

ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ክላስ ኤ ወይም ቢ የሚያወጣ ሰው በፌደራሉ የሥልጠና ሰጪዎች መዝገብ ውስጥ ከሰፈረ ተቋም መሠልጠን አለበት። ከቢ ወደ ኤ የሚያድግ፣ እንዲሁም የመንገደኛ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ወይም የአደገኛ ጭነት ፈቃድ አዲስ የሚጨምርም እንዲሁ። መዝገቡ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። በዲሴምበር 2025 መንግሥት ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ተቋማትን ከመዝገቡ እንደሚያስወጣ አስታውቋል፤ ስለዚህ ጓደኛዎ ባለፈው ዓመት የተማረበት ቦታ ዛሬም በመዝገቡ ላይ መኖሩን በሚከፍሉበት ዕለት ይመልከቱ። የፌደራሉ ደንብ የሰዓት ብዛት አይወስንም። «በአንድ ሳምንት እንጨርስልሃለን» የሚለው ማስታወቂያ የሚያጓጓው ለዚህ ነው፤ መሪ ጨብጠው የሚያሳልፉት ሰዓት ስንት እንደሆነ ግን እርስዎ ይጠይቁ።

በአገር ቤት ልምድ መተማመን

ከሞጆ ጅቡቲ ዕድሜውን የተመላለሰ ሾፌር እጁ የተፈታ ነው፤ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲያስገባ አስተማሪዎቹም ይገረሙበታል። ነገር ግን አሜሪካ እንደራሷ ፈቃድ የምትቀበለው የካናዳንና የሜክሲኮን የንግድ መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ፐርሚት የሚባለው የመለማመጃ ፈቃድ ይወጣል፣ ቢያንስ 14 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ የተግባር ፈተና።

እንዲህ ያለውን ልምድ ያለውን ሰው የሚጥለው በአብዛኛው ቋንቋው ነው። የአየር ፍሬን ፍተሻን እንመልከት። ጎማው ይታገዳል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይከፈታል፣ የማቆሚያ ፍሬኖቹ ይለቀቃሉ። ከዚያ የፍሬኑን ፔዳል ረግጠው ለአንድ ደቂቃ ይይዛሉ፤ ዓይንዎ ከአየር መለኪያው ላይ አይነሳም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ግፊቱ ለነጠላ መኪና ከ3፣ ለጎታችና ተሳቢ ከ4 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥለው ፔዳሉን እየረገጡ እየለቀቁ አየሩን ያወርዳሉ፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅና መብራት ይነሳል፤ ግፊቱ በ45 እና በ20 ፒኤስአይ መካከል ሲደርስ የማቆሚያው ፍሬን መሳቢያ በራሱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። እያንዳንዱን እርምጃ ለፈታኙ በእንግሊዝኛ እየተናገሩ ነው የሚሠሩት፤ አስተርጓሚ አይፈቀድም። በብዙ ግዛቶች ከእነዚህ አንዱን መዝለል ብቻውን ያስወድቃል።

ከፈተናው በኋላም ቋንቋው ይከተላል። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ በመንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ሲያናግረው በእንግሊዝኛ መግባባት ወይም የመንገድ ምልክት ማንበብ ያልቻለ ሾፌር እዚያው ከሥራ ይታገዳል። እንግሊዝኛቸው ለሚያስቸግራቸው ሁለትና ሦስት ወር ቋንቋውን አጠናክረው እንዲገቡ አጥብቄ እለምናለሁ።

ጤናንና ወረቀትን ለመጨረሻ ማቆየት

የጤና ምርመራውን ከምዝገባ በፊት ያድርጉ። ካርዱ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ የደም ግፊት ከ140 በ90 ካለፈ ጊዜው ያጥራል ወይም ካርዱ ይከለከላል። ኢንሱሊን መውሰድ ከ2018 ወዲህ በራሱ አያግድም፤ ሐኪምዎ የሚሞላው ቅጽ አለ።

ማሪዋና በሜሪላንድ፣ በኮሎራዶ ወይም በዋሽንግተን ግዛት መፈቀዱ ለሲዲኤል ሾፌር ምንም አይፈይድም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በፌደራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት መድኃኒቶች ተራ ነው። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የሾፌሮች የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ጥሰት በአንድ የፌደራል ቋት ይመዘገባል፤ ማንኛውም ቀጣሪ ያየዋል።

ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው መደበኛውን ሲዲኤል ያወጣል። በጥገኝነት ጥያቄ ወይም በሥራ ፈቃድ ብቻ ላሉ ግን ነገሩ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከብዷል፤ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ይህን ዓይነት ፈቃድ የሚያጠብብ አስቸኳይ ደንብ አውጥቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የግዛታችሁን የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄዳችሁ በአካል ጠይቁ።

ውሉን ሳያነቡ «ነፃ ሥልጠና» መግባት

አንዳንድ የጭነት ኩባንያዎች የትምህርቱን ወጪ ሸፍነው በምላሹ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል እንዲሠሩላቸው ያስፈርማሉ። ገንዘብ ለሌለውና ልምድ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ በር ነው፤ መድን ሰጪዎች አዲስ ሾፌር ስለሚፈሩ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሠራ ማግኘት ቀላል አይደለምና። ጥያቄው ቀድመው ቢወጡ ምን እንደሚከተል ነው። ዕዳው ሙሉ ነው ወይስ በየወሩ እየተቀነሰ ይሄዳል? ኩባንያው ራሱ ቢያሰናብትዎትስ? ከመጨረሻው ደመወዝ ይቆረጣል?

ከመፈረምዎ በፊት በአካባቢዎ ወዳለው የመንግሥት የሥራ ማዕከል ጎራ ይበሉ። በ2014 የወጣው የሠራተኞች ሥልጠና ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸውና ሥራ ላጡ ሰዎች የሲዲኤል ትምህርትን ጭምር የሚከፍል ገንዘብ ይመድባል። የእኛ ሰው ብዙም አይጠይቀውም። ማመልከቻው ሳምንታት ይወስዳል፤ ገንዘቡም የሚሰጠው ትምህርቱ ሳይጀመር ሲጠየቅ ነው፤ ቀድሞ የከፈለ ሰው ተመላሽ አያገኝም።