ድሮ ስለምንወደው፣ አሁን ስለሰለቸን ፊልምና ሙዚቃ እያወሩ እንግሊዝኛን እንዴት መለማመድ ይቻላል?

«ምን ዓይነት ፊልም ትወዳለህ?» የሚለው የእንግሊዝኛ ክፍል ጥያቄ ጨዋታ ይገድላል። «አክሽን» ተባለ፣ አለቀ። «ድሮ ትወደው የነበረ፣ አሁን ግን ዞር ብለህ የማታየው ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተጠያቂው የድሮውን መናገር አለበት፣ የአሁኑንም፣ በመሃል ምን እንደተለወጠም። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ለሦስቱ የተለያየ የግስ ቅርጽ ስላለው የሰዋስው መጽሐፍ በሦስት ምዕራፍ የሚበትነው ነገር በአንድ ወሬ ይጠቃለላል።

የሚያስፈልገው በቀን 20 ደቂቃ፣ ደብተርና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ነው። አጋር ቢገኝ ይመረጣል፤ ባይገኝም ይሠራል። ከዚህ በታች የእንግሊዝኛው አባባል በፊደላችን የተጻፈው ድምፁ እንዲያዝ ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ከመዝገበ ቃላት አይታችሁ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት።

1. ዝርዝሩን አውጡ

አንድ ገጽ በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ድሮ፣ አሁን፣ ለምን። አምስት ነገር ይበቃል፤ አንድ የሙዚቃ ዓይነት፣ አንድ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ፣ አንድ ጨዋታ ወይም ስፖርት፣ አንድ የልጅነት ፕሮግራም። አምስተኛው ተቃራኒው ይሁን፤ ድሮ የምትጠሉት፣ ዛሬ ግን የምትወዱት። «ለምን» የሚለውን ዓምድ በአማርኛ፣ በሦስትና በአራት ቃል ብቻ ሙሉት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ በኋላ የምታደርጉት ማንበብ እንጂ መናገር አይሆንም።

ያልተለወጠ ምርጫን እንደተለወጠ አድርጋችሁ አትፍጠሩ። የሚታወስ ነገር ሲጠፋ ቃልም ይጠፋል፣ ጥፋቱም የእንግሊዝኛው ይመስላል።

2. የድሮውን መናገር

ዋናው መሣሪያ «ዩስቱ» ነው፤ «አይ ዩስቱ ላይክ ካርቱንስ»፣ ማለትም ካርቱን እወድ ነበር። በጽሑፍ መሃሉ ላይ የ«ድ» ፊደል ስላለ ብዙ ሰው «ዩዝድ ቱ» እያለ ለያይቶ ያነበዋል። ሲነገር ግን ሁለቱ ቃላት ይዋሃዳሉ፣ «ድ»ም አይሰማም። አሉታው «አይ ዲድንት ዩስቱ ላይክ ኢት» ነው። እዚህ ላይ ያ ፊደል ከጽሑፉም ይወጣል፤ ድምፁ አንድ ስለሆነ ስሕተቱ የሚታየው ሲጻፍ ብቻ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «አይም ዩስቱ» ነው። «ለምጃለሁ» ማለት ሲሆን ከኋላው ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ይከተላል። «አይ ዩስቱ ሊስን» ሲባል አዳምጥ ነበር፣ «አይም ዩስቱ ሊስኒንግ» ሲባል ማዳመጥ ለምጃለሁ ነው። ሁለተኛው «ዉድ» ነው። ተደጋጋሚ ድርጊትን ያስታውሳል፤ «ኤቭሪ ሳተርዴይ አይ ዉድ ዎች ካርቱንስ» ትክክል ነው። ስሜትን ከሚገልጹ ግሶች ጋር ግን ለድሮ ልማድ አያገለግልም፤ «አይ ዉድ ላይክ» ያለ ሰው ድሮ መውደዱን ሳይሆን አሁን አንድ ነገር መፈለጉን ነው የተናገረው።

3. «ሰለቸኝ»ን ማሻገር

አማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚደናቀፈው እዚህ ነው። አማርኛ «ሰለቸኝ» ሲል ባለቤቱ ዘፈኑ ነው፣ እኛ ተቀባይ ነን፤ ግሱም ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ይዞ የአሁንን ስሜት ይናገራል። ይህ ቀጥታ ሲገለበጥ «አይ ቦሪንግ» ወይም «አይም ቦሪንግ» ይወጣል። የኋለኛው ትርጉም «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ነው። አሰልቺው ነገር «ቦሪንግ»፣ የሰለቸው ሰው «ቦርድ» ነው። ለውጡን ለመናገር ደግሞ «ጎት» ትጨመራለች፦ «አይ ጎት ቦርድ ዊዝ ኢት»፣ «አይ ጎት ታየርድ ኦቭ ኢት»። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «አይ ዌንት ኦፍ ኢት» ማለትም የተለመደ ነው፤ ከልቤ ወጣ እንደማለት።

ለተቃራኒው «አይ ጎት ኢንቱ ጃዝ» አለ፤ ጃዝ ማዳመጥ ጀመርኩ፣ ገባሁበት ማለት ነው። ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን «ኢት ግሩ ኦን ሚ» ነው። መጀመሪያ ያልማረከን ነገር ቀስ በቀስ ሲወደድ ይባላል። ባለቤቱ ነገሩ፣ ተቀባዩ እኛ ስለሆንን ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። በመጀመሪያው ቀን ይህን አንዱን ብቻ ብትይዙ አይቆጭም።

4. የአሁኑን መናገር

እስካሁን የቀጠለ ነገር «አይቭ ቢን» ይፈልጋል፦ «አይቭ ቢን ሊስኒንግ ቱ ጃዝ ፎር ቱ ይርስ»። «ከሁለት ዓመት ጀምሮ» የሚለው አነጋገራችን «ሲንስ ቱ ይርስ» ወደሚል ስሕተት ይገፋል። የቆይታው ርዝመት ከተነገረ «ፎር»፣ የተጀመረበት ነጥብ ከተነገረ «ሲንስ» ነው፤ «ሲንስ 2020»፣ «ሲንስ ላስት ይር»።

ማወዳደር ሲመጣ «አይ ፕሪፈር ጃዝ ቱ ፖፕ» ይባላል፤ ከ«ፕሪፈር» በኋላ «ዛን» አይገባም። «ኢንጆይ» ደግሞ ተሳቢ ይጠይቃል። በአማርኛ «ተዝናናሁ» ብሎ ማቆም ይቻላል፤ «አይ ኢንጆይድ» ብሎ ያቆመ ሰው ግን «ምኑን?» ያሰኛል፤ «ኢት» ወይም የነገሩን ስም ጨምሩ። «ፈን» አዝናኝ፣ «ፈኒ» አስቂኝ ነው፤ አሳዛኝ ፊልምን «ፈኒ» ማለት ሰሚውን ግራ ያጋባል።

5. ምክንያቱን መቆፈር

በዚህ ደረጃ «ናይስ»፣ «ጉድ» እና «ኢንተረስቲንግ» የተከለከሉ ይሁኑ። ትክክል ናቸው፤ ግን ምንም አይናገሩም። በምትካቸው፦ «ፕሪዲክተብል» (መጨረሻው ከጅምሩ የሚታወቅ)፣ «ካቺ» (ጆሮ ላይ የሚቀር ዜማ)፣ «ሞቪንግ» (ልብ የሚነካ)፣ «ኦቨርሬትድ» (ከሚገባው በላይ የተወደሰ)፣ «ስሎው» (የሚንቀረፈፍ)። በቀን ሁለት በቂ ነው።

አጋር ካለ ሥራው ማረም ሳይሆን መጠየቅ ነው፦ «ዋት ቼንጅድ?»፣ «ዌን ዲድ ዩ ስቶፕ?»፣ «ዉድ ዩ ዎች ኢት አጌን?»። ሁለተኛው ጥያቄ የግድ ያለፈ ጊዜን ያስጠራል።

ታሪክ መተረክ ውስጥ አትግቡ። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልንገር ያለ ጀማሪ አምስት ደቂቃ ይሰምጥና ስለ ምርጫው ሳይናገር ይቀራል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ እሱም በአሁን ጊዜ ግስ፤ እንግሊዝኛ የፊልምን ታሪክ የሚያጠቃልለው «ሂ ሊቭዝ ሂዝ ጆብ» እያለ ነው።

6. በ4፣ በ3፣ በ2 ደቂቃ መደጋገም

ይህ ዘዴ በቋንቋ አስተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ፖል ኔሽንም እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ አጥንቶታል። ከዝርዝራችሁ አንዱን ርዕስ ለአንድ ሰው 4 ደቂቃ ተናገሩ፣ ያንኑ ለሌላ ሰው በ3፣ ለሦስተኛ ሰው በ2 ደቂቃ። አድማጩ የሚቀያየረው ታሪኩ ለሰሚው ሁልጊዜ አዲስ እንዲሆን ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሦስት ጊዜ ቅዱ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ 2፣ 1 ተኩል እና 1 ደቂቃ አድርጉት።

ጊዜው ሲያጥር ብዙዎች ሐሳብ ይቆርጣሉ፤ ያ ልምምዱን ያከሽፈዋል። ሐሳቡ ያው ሆኖ ማመንታቱ ነው መቀነስ ያለበት። መሃል ላይ ቃል ሲጠፋ አታቁሙ፤ በአማርኛ ተናግራችሁት እለፉና ሲያበቃ ፈልጉት። ከዚያ የመጨረሻውን ቅጂ አዳምጡና ሁለት ስሕተት ብቻ ምረጡ። አሥር ስሕተት የለቀመ ሰው በማግስቱ አፉን መክፈት ይፈራል።

7. ለሌላው መልስ መስጠት

አጋራችሁ «አይ ዩስቱ ላቭ ኢት» ካለ መስማማቱ «ሶ ዲድ አይ» ነው። በአሁን ጊዜ «አይ ላቭ ኢት» ካለ «ሶ ዱ አይ»። «አይ ዶንት ላይክ ኢት» ሲል «ሚ ቱ» አይሆንም፣ «ሚ ኒዘር» ነው። ካልተስማማችሁ «ሪሊ? አይ ስቲል ላይክ ኢት» በሉና ምክንያቱን አስከትሉ። ያልተስማሙ ሰዎች ከተስማሙት ይልቅ ብዙ ይናገራሉ፤ ስለዚህ አጋር ስትመርጡ ምርጫው ከእናንተ የሚለየውን ፈልጉ።

በየቀኑ አንድ ርዕስ ከተያዘ ዝርዝሩ በአምስት ቀን ያልቃል። በስድስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ርዕስ ማስታወሻ ሳታዩ በ2 ደቂቃ ቅዱና ከመጀመሪያው ቀን ቅጂ ጋር አስተያዩ። የምትቆጥሩት ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ «እ…» ብላችሁ እንደቆማችሁና «ዩስቱ» ሲጠራ «ድ» መሰማት አለመሰማቱን።